ለመጀመሪያ ጊዜ ደም ስለ መስጠት

በአገራችን «ደም» የሚለው ቃል ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚከተለው ነገር ክፉ ነው። «ደመኞች ናቸው» ሲባል ይገዳደላሉ ማለት ነው፤ «ደሙን መለሰ» ሲባልም ተበቀለ ማለት ነው። ሰው ደሙን ለማያውቀው ሰው በፈቃዱ ሰጠ ቢባል ግን የጥንት ሰዎች ምን ስም ያወጡለት እንደ ነበር እንጃ። እኔ ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላኝ ዘንድሮ ስለ ሆነ፤ ታኅሣሥ 10 ቀን የደም ባንክ ሠራተኞች ወደ ትምህርት ቤታችን በመጡ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ደም ሰጥቼአለሁ። ስለዚህ ተራው ለሚደርሳቸው ጓደኞቼና ልጆቻቸውን ለመከልከል ለሚያስቡ ወላጆች ያየሁትንና ያነበብሁትን እጽፋለሁ።

ወላጆች ስል በመጀመሪያ ትዝ የሚሉኝ አያቴ ናቸው። ነገሩን ብነግራቸው «የወጣ ደም አይመለስም! ደግሞ በጾም! ማን አዘዘህ?» ብለው ተቈጡ። እኔም «እምዬ፤ አንቱ ራስዎን ሲያምዎ ዋግምት ይታገሙ የለም እንዴ? ያ ደም ወዴት ሄደ?» አልኋቸው። «መሬት ላይ ፈሰሰ» አሉና ጥቂት ዝም አሉ። ነገር ግን ገና አልፈቀዱም። የፈቀዱት ጐረቤታችንን ባነሣሁባቸው ጊዜ ነው። ይህች ሴት ከጥቂት ዓመት በፊት ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም ብሎ፤ ነፍሷ የተረፈው በሐኪም ቤት በተሰጣት ሁለት ከረጢት ደም ነው። አያቴ ያን ሌሊት ከአጠገቧ አልተለዩም ነበር። ደሙን የሰጠው ማን እንደ ሆነ ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም።

በእርግጥም በአገራችን ደም ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች ውስጥ በወሊድ ጊዜ ደም የሚፈሳቸው እናቶች ግንባር ቀደም ናቸው። ከእነርሱም ጋር በፎገራና በጣና ዳር ወባ ይዟቸው ደማቸው የሚያልቅ ሕፃናት፤ የመኪና አደጋ የደረሰባቸውና ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ሁሉ አሉ።

የሰው ደም ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን የገለጠው ካርል ላንድሽታይነር የተባለ የኦስትሪያ ሊቅ ነው፤ ጽሑፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። ከዚያ በፊት ደም ይሰጣቸው ከነበሩ ሰዎች ብዙዎቹ ለምን እንደ ሞቱ የታወቀው በዚህ ነው። የልደቱ ቀን ሰኔ 7 ዛሬ በዓለም ሁሉ የደም ለጋሾች ቀን ሆኖ ይከበራል። ሁለተኛው ችግር ደም ከሰውነት ሲወጣ መርጋቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1914 አልበርት ሁስታን የተባለ የቤልጅግ ሐኪም ሲትሬት የተባለውን ጨው፤ የሎሚን ኮምጣጤነት ከሚሰጠው አሲድ የሚገኘውን፤ ጨምሮ ደሙን ሳይረጋ ለማቆየት ቻለ። ሲትሬት በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ስለሚይዘው ደሙ ሊረጋ አይችልም። በኬሚስትሪ ክፍል የተማርነው ነገር ሰው ሲያድን ማየት ደስ ያሰኛል። ወደ አገራችን ስንመለስ፤ የደም ባንክን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1969 የጀመረው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሲሆን፤ ከ2012 ወዲህ ሥራው ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተላልፏል።

አሁን ወደ ዕለቱ ልግባ። ደም ለመስጠት ዕድሜ ከ18 እስከ 65፤ ክብደትም ቢያንስ 45 ኪሎ መሆን አለበት። ሚዛን ላይ ወጥተን የደም ግፊታችን ከተለካ በኋላ አንዲት ነርስ ለብቻ እያስገባች ትጠይቃለች። በቅርቡ ታመህ ነበር? መድኃኒት ትወስዳለህ? ወባ ይዞህ ያውቃል? ከዚህም የበለጠ የሚያሳፍር ጥያቄ አለ። እዚህ ላይ መዋሸት ትልቅ በደል ነው። ደሙ ለኤች አይ ቪ፤ ለሁለት ዓይነት የጉበት በሽታና ለቂጥኝ ይመረመራል፤ ነገር ግን በሽታው ገና አዲስ ሲሆን ምርመራው ላያገኘው ይችላል። አንድ ጓደኛዬ በክረምት በፎገራ ሩዝ ሲያርም ወባ ይዞት ስለ ነበር «ለጊዜው ይቅርብህ» ተባለ። ልጆች ሲሥቁበት አየሁ፤ በጣም አዘንሁ። እውነቱን ተናግሮ የተመለሰ ሰው ምን ያሥቃል?

ቀጥሎ ጣት ወግተው አንዲት ጠብታ ደም ወደ ሰማያዊ ፈሳሽ ይጥላሉ። ፈሳሹ እፍግታው 1.053 የሆነ የመዳብ ሰልፌት ነው። ጠብታዋ ቶሎ ከሰጠመች በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ቢያንስ 12.5 ግራም ሄሞግሎቢን አለ ማለት ነው፤ ከተንሳፈፈች ግን ሰውየው ራሱ ደም ያንሰዋል። የእኔዋ ስትወርድ እንደ ፈተና ውጤት ነበር የጠበቅኋት።

አንዳንድ ልጆች «እኛ የደጋ ሰዎች ደማችን ወፍራም ነው፤ ቢቀነስ አይጐዳንም» ይላሉ። ከተማችን 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለ ሆነች ነገሩ እውነት ይመስላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩትን ሰዎች መርምሮ ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው እንደማይበልጥ አግኝቷል። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራራዎች የሚኖሩት ግን ብዙ ይበልጣሉ። ስለዚህ በደጋነታችን አንመካ፤ ጠብታዋ ትመስክር።

መርፌው ለክትባት ከምናውቀው ወፈር ያለ ነው፤ አልደብቅም። ሲገባ እንደ ንብ ይነድፋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሕመሙ ይረሳል። ጡጫን እያጠበቁ መፍታት ነው። የሚወሰደው 450 ሚሊ ሊትር ሲሆን፤ ይህም በአዋቂ ሰው አካል ካለው ደም ከዐሥር አንድ እጅ ያህል ነው፤ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም። መርፌውም ከረጢቱም አዲስ ናቸው፤ ከአንድ ሰው በኋላ ይጣላሉ። የዋግምት ቀንድና ምላጭ ግን ስንቱን ሰው እንደ ነካ ማን ያውቃል?

የምትፈራው ነገር ማዞር ነው። በተለይ ወጣቶችንና ጀማሪዎችን ያጋጥማል። እኔም ፈጥኜ ስነሣ ዐይኔ ጭልም አለብኝና መልሰው አስተኙኝ፤ እግሬን ከፍ አድርገው ሲያቆዩት ወዲያው ተሻለኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ተቀመጥ ተብዬ ነበር። ባዶ ሆድም መሄድ አይገባም። ጾመኛ የሆነ ከነፍስ አባቱ ጋር ይማከር፤ ወይም ከምሳ በኋላ ይሂድ። እኔ በሶ በጥብጬ፤ ውኃም በብዙ ጠጥቼ ነበር የሄድሁት። በዚያ ቀን እንጨት መፍለጥ፤ እንስራ መሸከምና እግር ኳስ መጫወት አይገባም፤ ጠላና አረቄም ይቅር።

የደሙ ውኃ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይተካል፤ ቀይ ሕዋሶቹ ግን ብዙ ሳምንታት ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ እንደገና መስጠት የሚቻለው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ምስርና ጐመን ብረት አላቸው፤ ሎሚ ጠብ ቢደረግባቸው ብረቱ በደንብ ይገባል፤ ቡናና ሻይ ግን ከምግቡ ጋር ከተጠጡ ያግዱታል። ይህን ለአያቴ ስነግር አልተወደደልኝም።

ማታ ክንዴን ገልጠው አዩና «እንግዲህ ደሙ ለማን ተሰጠ?» አሉኝ። «አይታወቅም፤ በብርድ ሣጥን ውስጥ 35 ቀን ይቆያል» አልኋቸው። በጣታቸው ቈጠሩ፤ ከታኅሣሥ 10 ተነሥተው ጥር 15 ላይ አቆሙ። «እንግዲያው እስከ ቂርቆስ ለአንዷ ይደርሳል» ብለው በሶዬን ሊበጠብጡልኝ ተነሡ።