ከአቦል እስከ በረካ

ትምህርት ተዘጋ። ካርድ መጣ። ልጅቷ «ስንተኛ ወጣሽ?» ተባለች፣ ተሳመች፣ ተሸለመች። ቦርሳው አልጋ ሥር ገባ።

መቼ ነው የሚወጣው? መስከረም ላይ?

እስቲ አብረን እንቁጠር። ሐምሌ 30፣ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜን 5። በድምሩ 65 ቀን! ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ ከሆነ ጳጉሜን አንድ ቀን ትመርቅላችኋለች። ይህን ሁሉ ቀን ዓይኑ ፊደል ሳያይ የከረመ የሁለተኛ ክፍል ልጅ መስከረም ላይ ምን ይሆናል? አስተማሪዎችን ጠይቁ። ሰኔ ላይ ሲያንበለብለው የነበረውን ገጽ በጣቱ እየተከተለ፣ እየተደናቀፈ ነው የሚጀምረው። ልጁ ሰንፎ እንዳይመስላችሁ። ክረምቱን ያለ ልምምድ የከረመ ኳስ ተጫዋችም የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል።

መፍትሔው ግን በእጃችሁ ነው። በቀን 15 ደቂቃ!

አነሰ? አባዙት። በ65 ቀን 975 ደቂቃ ይመጣል። ከ16 ሰዓት በላይ ንባብ፣ ያውም ለአስጠኚ አንድ ብር ሳትከፍሉ።

«ጊዜ የለኝም» አላችሁ? ቡና ታፈላላችሁ አይደል?

በቃ፣ ጊዜው ተገኘ።

አቦል ተጠጥቶ ጀበናው እንደገና ሲጣድ ሰው ምን ይሠራል? ያወራል። ስልክ ይነካካል። ጎረቤት ያማል (አትቆጡኝ፣ እኔም እዚያው ነበርኩ)። ከዛሬ ጀምሮ ያ ጊዜ የልጁ ይሁን። አቦል ሲቀዳ መጽሐፉ ይከፈት። ጮክ ብሎ ያንብብ። የጎረቤት እማማ «እሰይ የኔ ልጅ!» ይበሉት። በረካ ሲደርስ መጽሐፉ ይዘጋ። ታሪኩ የሚያጓጓ ቦታ ላይ ደርሶ ከሆነማ የግድ ይዘጋ! ነገ «ቡና አይፈላም እንዴ?» እያለ የሚነዘንዛችሁ ማን እንደሆነ ታያላችሁ።

ለምን ቡና? አዲስ ልማድ ብቻውን አይቆምም፣ የቆየ ልማድ ላይ መደገፍ ይፈልጋል። «ከነገ ጀምሮ እናነባለን» የሚለው ውሳኔ እስከ ረቡዕ ይረሳል። ቡና ግን ማን ይረሳል? ብትረሱት ራስ ምታቱ ያስታውሳችኋል!

ቤታችሁ ቡና አይፈላም? እንግዲያው ዝናቡን ያዙ። ከሰዓት ሰማዩ ሲጠቁር፣ ሜዳው ጭቃ ሲሆን፣ ልጁ በመስኮት እያየ ሲያዛጋ፣ ያኔ መጽሐፉን አቀብሉት።

ጮክ ብሎ ማንበቡን ግን አደራ። የቄስ ትምህርት ቤትን አስታውሱ። ፊደል የቆጠረ ልጅ ግዕዝ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያለ የንባብ ደረጃዎቹን ሲወጣ ሁሉንም የሚያነበው በድምፅ ነበር። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው እንኳ ስህተቱን ይይዙት ነበር። ድምፅ ደግሞ ሰሚን ይስባል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለድን በሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሳይቀር በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ዘመዶቹ አወቃቸው። የእናንተ ቤት ወጋየሁ ማን ይሁን? የዘጠኝ ዓመቷ ልጃችሁ ናታ!

«መጽሐፍ የለንም» የሚል ድምፅ ሰማሁ ልበል?

እኔ ማንበብ የለመድኩት ከግድግዳ ላይ ነው። የጭቃው ቤታችን ውስጡ በጋዜጣ ተለጥፎ ነበር። አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ዜናውን፣ የሞት ማስታወቂያውን፣ የጨረታውን ሁሉ አነብ ነበር። አንዱ ገጽ ተዘቅዝቆ ስለተለጠፈ አንገቴን ገልብጬ አነበብኩት። የአንድ ታሪክ መጨረሻ ደግሞ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ገብቶ ቀረ። ምን ሆኖ እንዳለቀ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ያ ጉጉት ግን እስከ ዛሬ ያስነብበኛል።

ከባዶ የተነሣ ሰው ማየት ትፈልጋላችሁ? አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን ተመልከቱ። ሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሠሩ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ፈልገው አጡ። አማርረው ዝም አሉ? የማሞ ቂሎን ተረት በሁለት ቋንቋ አሳተሙ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ቀጥለው ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ ጭኖ ልጆች ዘንድ የሚሄድ ጋሪ ተጀመረ። ጋሪውን የሚጎትተው ማን ነበር? አህያ!

አህያ ለንባብ ከደከመች እኛ ምን ያቅተናል?

አዲስ አበባ ያላችሁ፣ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት 4 ኪሎ ነው፤ የልጆች ክፍልም አለው። አንድ ቅዳሜ ይዛችኋቸው ሂዱ። ከከተማው ርቃችሁ ከሆነ ጎረቤት አስተባብሩ። አምስት ቤት ሁለት ሁለት መጽሐፍ ቢያዋጣ አሥር መጽሐፍ ሆነ። እቁብ የሚጥል ሰፈር መጽሐፍ ማዟዟር ያቅተዋል?

ምርጫው ግን የልጁ ይሁን። ተረት ቢፈልግ ተረት፣ ቀልድ ቢፈልግ ቀልድ፣ የስፖርት ጋዜጣ ቢፈልግም ይፈቀድለት! «ይህ ለአንተ አይጠቅምህም» ብላችሁ ከእጁ አትንጠቁ። አንብቦ ሲጨርስም «ምን ተማርክበት?» እያላችሁ አትፈትኑት። ፈተናውን ሰኔ ላይ ጨርሷል። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦

«ከዛስ?»

አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩን ልባችን ውስጥ የነበረው ይኸው ጥያቄ ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ ልምጣ። እጃችሁ ላይ ያለው ምንድን ነው? ስልክ! ቲክቶክ እያገላበጣችሁ «አንብብ!» ብትሉት ይሰማችኋል? አይሰማም። ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ ሌላ ክፍል ተዉት። 15 ደቂቃ ብቻ! ማንም አይሞትም። ማንበብ ያልተማራችሁ ወላጆችም አትሸማቀቁ፤ ተቀምጣችሁ ስሙ። ልጁ አንባቢ የሚሆነው ሰሚ ሲያገኝ ነው።

አንድ ቀን ቢያመልጥስ? ያምልጥ! ለቅሶ አለ፣ እንግዳ አለ። የቡሄ ዋዜማ ነሐሴ 12 ማታ ልጆቹ ዱላቸውን ይዘው ሆያ ሆዬ ሲሉ መጽሐፍ የሚያስይዝ ወላጅ ካለ እኔ ራሴ እቀየመዋለሁ። ያ ምሽት የሙልሙል ነው። ቡሄ ሲያልፍ ግን አንድ ቀን የነበረው ሁለት፣ ሁለት የነበረው ሳምንት እንዳይሆን። ካቆማችሁበት ገጽ ቀጥሉ።

«ከሰኞ ጀምሮ» አትበሉ። ሰኞን ስንቴ ቀጠርነው?

ከሰሉ ተያያዘ? ጀበናው ተጣደ? ተነሡ፣ ያንን ቦርሳ ከአልጋ ሥር ጎትቱት።