የዴንቨር ከተማ አመሠራረትና ዕድገት

በጂኦግራፊ ትምህርት የዓለምን ከተሞች ስናጠና ለእኔ የደረሰችኝ በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት ዋና ከተማ ዴንቨር ናት። ከተማ በምን እንደሚቆም ከርሷ ታሪክ ስለ ተማርሁ፥ ያጠናሁትን ለክቡራን አንባብያን በአጭሩ አቀርባለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1858 ዓ.ም. ሳውዝ ፕላትና ቼሪ ክሪክ የሚባሉት ወንዞች በሚገናኙበት አጠገብ ጥቂት ወርቅ ተገኘ። ወሬው በተሰማ ጊዜ ወርቅ ፈላጊው ከየአገሩ ጎረፈ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ዊልያም ላሪመር የሚባል ሰው ከተማዪቱን ቈርቍሮ በካንሳስ ገዥ በጄምስ ዴንቨር ስም ሰየማት። ዳሩ ግን ገዥው አስቀድሞ ሥልጣኑን ለቅቆ ነበር።

የወንዙ ወርቅ ብዙ አልነበረም። በ1863 ዓ.ም. እሳት፥ በ1864 ዓ.ም. ጎርፍ ከተማዪቱን ጎዳት። ታላቁም የምድር ባቡር ሐዲድ ከፍተኛውን ተራራ ሸሽቶ በስተሰሜን በዋዮሚንግ በኩል አለፈ። ሕዝቧ በ1860 ዓ.ም. 4,749፥ በ1870 ዓ.ም. 4,759 ነበር፤ በ10 ዓመት የጨመረው 10 ሰው ብቻ ነው። ነዋሪዎቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ገንዘብ አዋጥተው ኩባንያ አቋቋሙና በ1870 ዓ.ም. ከዋናው ሐዲድ ጋር የሚያገናኝ የራሳቸውን መስመር ዘረጉ። በተራራው የተገኘው ብርም ረዳቸውና በ1890 ዓ.ም. የሕዝቡ ቍጥር 106,713 ደረሰ። ኮሎራዶ በ1876 ዓ.ም. ሙሉ ግዛት ሆነች፤ በ1881 ዓ.ም. ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ዴንቨርን ዋና ከተማ አድርጎ መረጠ።

የታሪክ ተማሪ ሌላውንም ገጽ መግለጥ አለበት። ይህ ምድር በ1851 ዓ.ም. ውል የአራፓሆና የሻያን ሕዝቦች መሆኑ የታወቀ ነበር። በ1864 ዓ.ም. ግን የኮሎራዶ ወታደሮች ሳንድ ክሪክ በሚባል ቦታ በሰላም በሰፈሩት ላይ አደጋ ጥለው ከ150 በላይ ሰዎች ገደሉ፤ ከሞቱት የሚበዙት ሴቶች፥ ሕፃናትና ሽማግሎች ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. የኮሎራዶ ገዥ ስለዚህ በደል ይቅርታ ጠየቀ። በ2023 ዓ.ም. ደግሞ በዘመኑ በነበረው ገዥ በኤቫንስ ስም ይጠራ የነበረው ተራራ ስሙ ተለውጦ ብሉ ስካይ ተባለ።

ዛሬ ዴንቨር ከ700,000 በላይ ሕዝብ አላት። ከባሕር ወለል በላይ ከፍታዋ 1 ማይል ማለት 1,609 ሜትር ስለ ሆነ፥ ጕልላቱ በወርቅ በተለበጠው የምክር ቤት ሕንጻ ደረጃ ላይ ይኸው ተመልክቷል። ጐብኝዎች በክረምት በበረዶ ላይ ለመንሸራተት ወደ ተራራው ይወጣሉ፤ በበጋ በቀይ ቋጥኞች መካከል በ1941 ዓ.ም. በተከፈተው የሬድ ሮክስ ቲያትር ሙዚቃ ይሰማሉ። በከተማዪቱና በጎረቤቷ በኦሮራ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ እንጀራ የናፈቀው አይቸገርም።

እንግዲህ ወርቅ ሰውን ይጠራል፤ ከተማን የሚያቆመው ግን የነዋሪዎቿ ኅብረትና ሥራ ነው። ክብሯም የሚሞላው የሠራችውንና የበደለችውን አብራ ስታስታውስ ይመስለኛል።