ያለ መርፌ የሚሠራ የብራ ወቅት የጠረጴዛ ጌጥ



የወለጋ ክረምት ረዥም ነው። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ዲጋ ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ በኦሮምኛ «ብራ» የሚባለው ወቅት ይገባል፤ በአማርኛ መጸው የምንለው ከመስከረም 26 የሚጀምረው ዘመን ነው። ኑጉ ቢጫ አብቦ፣ በቆሎው ደርቆ፣ ለቤት ጌጥ የሚሆነው ሁሉ ያለ ዋጋ ይገኛል።

ይህን እያወቅሁ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጋሾች የቲሞችን ሊጎበኙ በመጡበት ዕለት፣ ከገበያ የፕላስቲክ አበባ ገዝቼ በጠረጴዛው ላይ አኖርሁ። አንዲት ልጅ ቀርባ «ኡስታዝ፣ ይህንንም እንግዶቹ ናቸው ያመጡት?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ። በዚያ ክፍል የነበረው ሁሉ ከሌላ እጅ የመጣ ነበርና። ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛውን የሚያስጌጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ታናናሾቹም እንዲሠሩ ስንል መርፌን ከነጭራሹ ተውነው።

አስቀድሞ ጨርቁ ይዘጋጃል። አቡጀዴ ከዳር እስከ ዳር በአግድም ይቆረጣል፤ ፋብሪካው የሠራው ጠርዝ ስለማይተረተር ሥራ የሚፈልጉት ሁለቱ የተቆረጡ ጫፎች ብቻ ናቸው። ከእያንዳንዱ ጫፍ አራት ጣት ያህል አግድሙ ክር አንድ በአንድ ይመዘዛል። የቀረው ቁም ክር ስምንት ስምንት እየሆነ ከጨርቁ ሥር ይቋጠራል። ይህ ለእናቶቻችን አዲስ ጥበብ አይደለም፤ የነጠላ ጫፍም የሚቋጨው በተቀራራቢ መንገድ ነው። ስለዚህ አስተማሪዎቹ እናትና አያት ቢሆኑ ይመረጣል። የእኔ ቋጠሮ ሁልጊዜ ይፈታል።

ለአበባው የበቆሎውን ፍሬ የሸፈነው ልባስ ያስፈልጋል። ላም ባለበት ቤት ልባሱ መኖ ነውና ከጥቂት በቆሎ ላይ ውስጠኛውን፣ ስሱንና ነጩን ብቻ መውሰድ ይበቃል። ጥቁር ነጠብጣብ ወይም ሻጋታ ያለበት ይጣል፤ ልጆች አይንኩት። ቢጫ እንዲሆን ከተፈለገ አዋቂ ሰው በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሻይ ማንኪያ እርድ አፍልቶ ልባሱን ይዘፍዝፈው። ካልሆነም ለብ ባለ ውሃ አሥር ደቂቃ ያህል ቢነከር ይለሰልሳል። ከዚያም ሁለት ጣት በሚያህል ስፋት ተቀዶ፣ እያንዳንዱ ሳይጨፈለቅ ለሁለት ይታጠፍና ጫፎቹ በቀጭን እንጨት ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ስድስት ወይም ሰባት ሲሆኑ፣ እርጥብ ሳለ በቁመቱ በተሰነጠቀ ቀጭን ልባስ ጥብቅ ተደርገው ይታሰራሉ። የሚደርቀው በጥላ ነው፤ ፀሐይ ልባሱን ያጠማዝዘዋል፣ የእርዱንም ቀለም ያደበዝዘዋል።

የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከዚሁ ልባስ የሰው አሻንጉሊት ይሠራሉ። እኛ በአበባና በቅጠል ተወስነናል።

ማስቀመጫው ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ነው። ስለቱ በድንጋይ ተቀጥቅጦ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ይህም የአዋቂ ሥራ ነው። ውጪው በተቀቀለ የዱቄት ሙጫ በተለጠፈ ልባስ ይሸፈናል፣ እንዳይወድቅም አሸዋ ይሞላበታል። አበባዎቹን በአሸዋው ላይ መትከል ለትንሹ ልጅ ይተው።

በተከታዩ ዓመት ጉብኝት ከእንግዶቹ አንዷ ጣሳውን አንሥተው «ይህን ልግዛችሁ» አሉ። ያቺ ልጅ ፈጥና «አይሸጥም፤ ይውሰዱት» አለቻቸው።