ልብን ስለ መሰብሰብ

ሰው ዓይኑ እያየ፥ ጆሮው እየሰማ፥ ልቡ ግን ከሌላ ስፍራ ሊሆን ይችላል። ልብን ሰብስቦ በያዙት ነገር ላይ ማኖር ትምህርት ይፈልጋል፤ ይልቁንም ዓይኑ ለማያይ፥ ጆሮው ለማይሰማ፥ ወይም አሳቡ እንደ ወፍ ለሚበርር ልጅ ይህ ትምህርት በቀስታ ካልሆነ አይገባም። እንዲህ ያለውን ልጅ «ዝም በል፤ ልብ አድርግ» ብሎ መቈጣት ጉም እንደ መዝገን ነው።

ሔለን ኬለር የምትባል ልጅ በአሜሪካ አገር በአላባማ ግዛት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1880 ዓ.ም. ተወለደች። በ19 ወርዋ ታማ ማየትንም መስማትንም አጣች፤ ድምፅ ስለማትሰማም መናገርን አልተማረች። የምትሻውን ማስረዳት ባቃታት ጊዜ ትጮኽና ትራገጥ ነበር፤ በማዕድም ከሰው ሁሉ ሳሕን እየዞረች በእጅዋ ትወስድ ነበር። ቤተ ሰቦችዋ ስላዘኑላት ዝም ይሏት ነበር፤ ይህ ማዘን ግን አልጠቀማትም።

በ1887 ዓ.ም. ወይዘሪት አን ሰሊቫን የሚባሉ የ20 ዓመት አስተማሪ መጡላት። እርሳቸውም በልጅነታቸው ዓይናቸውን ታመው ስለ ነበረ የጨለማን መከራ ያውቁ ነበር። ሔለን ግን አስተማሪዋን በክፍላቸው ቈልፋባቸው መክፈቻውን ደበቀች፤ አባትዋም መሰላል አቁመው በመስኮት አወረዷቸው። አስተማሪዋ ስለዚህ ጥለዋት አልሄዱም። ፊደሎችን በጣት ቅርጽ እየሠሩ በመዳፍዋ ላይ ይጽፉላት ጀመር። መጀመሪያ ሔለን ምንም ሳይገባት ጣቶችዋን ብቻ ታስመስል ነበር። በኋላ አንዱን እጅዋን ከሚወርድ ውሃ ሥር አድርገው በሌላው እጅዋ «ውሃ» ብለው ቢጽፉላት፥ ለነገር ሁሉ ስም እንዳለው ያን ጊዜ ገባት።

ነገር ግን የዕቃን ስም ማወቅና የራስን ልብ ማወቅ አንድ አይደለም። አንድ ቀን ሔለን ሁለት ታላላቅ፥ ሦስት ታናናሽ ዶቃ እያደረገች በክር ትሰካ ነበር። ተራው ብዙ ጊዜ ተሳሳተባት። አስተማሪዋ ቀምተው አልሠሩላትም፤ ስሕተቱን በቀስታ ደጋግመው አሳዩዋት እንጂ። (ብዙ አስተማሪ ቸኩሎ ይሠራለትና ልጁ ማሰብን ሳይማር ይቀራል።) በመጨረሻ ሔለን ራስዋ ስሕተትዋን አግኝታ እጅዋን ገታች፤ እንዴት ሊሰካ እንደሚገባው ልብዋን ሰብስባ ታወጣ ታወርድ ጀመር። አስተማሪዋም ያችን ጊዜ አላሳለፏትም፤ ግንባርዋን ነክተው «ማሰብ» ብለው በመዳፍዋ ጻፉላት። ሔለንም በራስዋ ውስጥ ይሠራ ለነበረው ነገር ስም እንዳለው ዐወቀች።

ከዚህ ቀደም አስተማሪዋ «ፍቅር» የሚል ቃል ጽፈውላት፥ በእጅ የማይዳሰስ ስለ ሆነ ትርጓሜው ጠፍቶባት ነበር። አሁን ያች መክፈቻ የደበቀች ልጅ ዶቃዎቹን በጭንዋ ላይ ትታ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ተቀመጠች፤ የፍቅርን ትርጓሜ ትፈልግ ነበር።