ምዕራፍ ሰባት፦ ፈተናና ወጥመድ፤ በትምህርት ቤት ቅጽር ውስጥ ስለሚደረግ የሕፃናት ጨዋታ

ወጣት መምህር ሳለሁ አስተምርበት በነበረው ትምህርት ቤት ቅጽር ውስጥ፣ ከሰንደቅ ዓላማው መስቀያ ኋላ፣ ዕድሜውን ማንም የማያውቀው አንድ ሾላ ነበረ። ቅርንጫፎቹ ዝቅ ብለው የተዘረጉ ስለ ነበሩ፣ የዕረፍት ደወል በተደወለ ቁጥር ሕፃናቱ እንደ ወፍ መንጋ ይሰፍሩበት ነበር። አንድ ቀን የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ከዚያ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ፤ አባቱም መጥቶ ተቆጣ፤ ርዕሰ መምህሩም በማግሥቱ መጥረቢያ የያዙ ሁለት ሰዎች አስመጥቶ ዛፉን አስቆረጠ። ሁላችንም ከእንግዲህ ወዲህ የሚያሰጋን የለም ብለን ዐረፍን። ነገር ግን ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ያው የመውጣት ፍላጎት ሌላ መንገድ ፈልጎ፣ ሕፃናቱ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ፣ የመምህር ዓይን በማይደርስበት በኩል፣ ጫፉ ላይ የጠርሙስ ስባሪ የተተከለበትን የግንብ አጥር መውጣት ጀምረው፣ አንዲት ልጅ መዳፏ ተተርትሮ ደሟን እያንጠባጠበች ወደ መምህራን ክፍል ስትገባ ባየሁ ጊዜ፣ የቆረጥነው ዛፉን እንጂ አደጋውን እንዳልነበረ ተረዳሁ።

የፈሩት ይደርሳል የሚለው የአበው ቃል በእኛ ላይ የተፈጸመው ስለ ፈራን አይደለም፤ የምንፈራውን ለይተን ስላላወቅን ነው እንጂ። በዘወትር አነጋገር «አደጋ» የምንለው አንድ ቃል፣ ጠባያቸው ፈጽሞ የማይመሳሰል ሁለት ነገሮችን አቅፎ ይዟል። አንደኛው፣ ልጁ በዓይኑ አይቶ፣ በጉልበቱ መዝኖ፣ ቢሻ የሚገባበት፣ ባይሻ የሚተወው ችግር ነው፤ ይህን በዚህ ምዕራፍ ፈተና ብለን እንጠራዋለን። ሁለተኛው፣ ልጁ የማያየው፣ ቢያየውም ጉዳቱን ሊገምት የማይችለው፣ ሳያስበው የሚይዘው ነገር ነው፤ ይህንንም ወጥመድ እንለዋለን። የሾላው ከፍታ ፈተና ነው፤ በቅርፊቱ ሥር ምስጥ የበላው ቅርንጫፍ ግን ወጥመድ ነው። ኳስ ለማግባት በሜዳ መሽቀዳደም ፈተና ነው፤ እግሩ በመሬት ስላልተቀበረ፣ ልጅ ሲንጠለጠልበት ተገልብጦ በላዩ የሚወድቀው የብረት ግብ ግን ወጥመድ ነው። እንግዲህ የመምህር ሥራ ወጥመዱን መንቀል፣ ፈተናውንም በልጁ ዐቅም ልክ አድርጎ መተው ሲሆን፣ እኛ በዚያ ጊዜ ያደረግነው ግን ፈተናውን ነቅለን ወጥመዱን መተው ነበር።

ሀ. ልጅ ፈተናን የሚሻው ስለ ምንድር ነው?

ልጅ ከፍ ያለ ቦታ ባየ ጊዜ የሚወጣው ታላላቆቹን ለማስጨነቅ ወይም ሥርዓትን ለመናቅ አይደለም፤ ከቁመቱ በላይ ያለውን ዓለም ለማየት፣ እጁና እግሩም እስከ ምን ድረስ እንደሚታዘዙለት ለማወቅ ነው። ቁመቱ አጭር የነበረው ዘኬዎስ ከሾላ ላይ የወጣው ከሕዝቡ ራስ በላይ አሻግሮ ለማየት እንደ ነበረ ወንጌል ይነግረናል፤ በዚህ ረገድ ሕፃናት ሁሉ የዘኬዎስ ወንድሞች ናቸው። ዣን ዣክ ሩሶም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ቀጥሎ የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በ1762 ባሳተመው፣ «ኤሚል» በተባለው መጽሐፉ፣ ታናሹን ሕመም ሳይቀምስ ያደገ ልጅ ታላቁን የሚሸከምበት ትከሻ እንደማይኖረው አስተምሯል።

በዘመናችን ደግሞ ኤለን ሳንድሴተር የተባሉ የኖርዌይ ተመራማሪ በአገራቸው መዋዕለ ሕፃናት የልጆችን ጨዋታ ተመልክተው፣ በ2007 ባወጡት ጽሑፍ ልጆች ወደው የሚገቡበትን የድፍረት ጨዋታ በስድስት ከፍለውታል፤ እነዚህም ከፍታ፣ ፍጥነት፣ ሊጎዳ የሚችል መሣሪያ፣ እንደ እሳትና እንደ ጥልቅ ውሃ ያለው የሚያስፈራ ነገር፣ ትግልና ግፊያ፣ እንዲሁም ከአዋቂ ዓይን ተሰውሮ መጥፋት ናቸው። ያገራችን ሰው ይህን ዝርዝር ቢሰማ እንግዳ አይሆንበትም፤ ዛፍ መውጣቱን፣ ዥዋዥዌውን፣ በገና ቀን ቆልማማ ዱላ ይዞ ሩር መምታቱን፣ በቡሄ ጅራፍ ማጮሁንና ችቦ ማብራቱን፣ ትግሉን፣ ድብብቆሹን፣ ሁሉን በየስፍራው ሊያኖረው ይችላልና። ልብ ሊባል የሚገባው ግን አበው እሳቱን ለልጅ ሲሰጡ ጥለውት እንዳልሄዱ ነው፤ ችቦው በሚለኮስበት ደጃፍ አባት ቆሞ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ይመለከት፣ ታላቅ ወንድምም የታናሹን እጅ ይዞ ያቀና ነበር። ባህላችን ፈተናውን ሳይሽር ወጥመዱን የሚነቅልበት ዘዴ ከጥንት ጀምሮ ነበረው ማለት ነው።

እኚሁ ተመራማሪ በ2011 ከባልደረባቸው ጋር ባሳተሙት ሌላ ጽሑፍ፣ እንዲህ ያለው ጨዋታ የፍርሃት መድኃኒት ነው የሚል ሐሳብ አቅርበዋል፤ ከፍታን በጥቂት በጥቂቱ የለመደ ልጅ ከእርሱ ጋር የተወለደው ፍርሃት እየለዘበለት ይሄዳል፣ ከልካይ የበዛበት ግን ፍርሃቱን ይዞት ሊያድግ ይችላል ማለታቸው ነው።

ለ. ከኤምድሩፕ የተገኘ ትምህርት

ዴንማርክ በጀርመን ጦር ተይዛ በነበረችበት ዘመን፣ በ1943፣ ኤምድሩፕ በሚባለው የኮፐንሃገን ሰፈር አንድ እንግዳ የሆነ የመጫወቻ ስፍራ ተከፈተ። ሐሳቡን ያፈለቁት ካርል ቴዎዶር ሶረንሰን የተባሉ የመናፈሻ ንድፍ ሊቅ ነበሩ፤ ልጆች ተደክሞ ከተሠራላቸው ያማረ መናፈሻ ይልቅ፣ ቤት በሚሠራበት ስፍራ በወዳደቀው እንጨትና ጡብ ሲጫወቱ ልባቸው እንደሚረካ አስተውለዋልና። ስለዚህም በዚያ ስፍራ በሸርተቴና በዥዋዥዌ ፈንታ ሳንቃ፣ ጡብ፣ አካፋ፣ መዶሻና ምስማር ቀረበ። ይህን የሰማ መምህር ይሰቀጥጠው ይሆናል፤ ነገር ግን ቦታው ጠባቂ አልባ አልነበረም፤ ቀድሞ መርከበኛ የነበሩ፣ ኋላም የሕፃናት መምህር የሆኑ፣ ጆን በርቴልሰን የተባሉ ሰው በዚያ ተመድበው ይውሉ ነበር። እርሳቸውም ይህን ሥሩ፣ ያን አፍርሱ ብለው አያዝዙም፤ ከስፍራውም አይጠፉም። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1946፣ ኤምድሩፕን የጎበኙት እንግሊዛዊት ሌዲ አለን ኦፍ ኸርትውድ ሐሳቡን ወደ አገራቸው ወስደው፣ በቦምብ የፈረሰው የለንደን ሰፈር ለልጆች እንዲህ ያለ መጫወቻ እንዲሆን ታግለዋል።

ከዚህ የምንማረው ምስማርን ለልጅ ማደልን አይደለም፤ ጨዋታውን ሳይነጥቅ በጨዋታው አጠገብ የሚቆም አዋቂ ከብዙ ክልከላ እንደሚበልጥ ነው። አደጋን መከላከል ዋና ግዴታው የሆነው የብሪታንያ የጤናና የደኅንነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንኳ በ2012 ባወጣው መግለጫ፣ የሚፈለገው ሥጋትን ከጨዋታ ፈጽሞ ማጥፋት ሳይሆን ጉዳቱንና ጥቅሙን በአንድ ሚዛን ማየት መሆኑን አስታውቋል።

ሐ. ወጥመዱን ስለ መንቀል

ይህ ሥራ የሚጀመረው ደወል ከመደወሉ በፊት ነው። መምህሩ ወይም ዘበኛው ጠዋት ቅጽሩን ሲዞር በገዛ ቁመቱ ብቻ ሳይሆን በልጅ ቁመት፣ ከተቻለም ተንበርክኮ ይመልከት፤ ከቆመ ሰው ዓይን የተሰወረ የቆርቆሮ ጠርዝ ከተንበረከከ ሰው ግንባር ፊት ለፊት ይገኛልና። የጉድጓዱ ክዳን በልጅ እጅ የሚነሣ እንዳይሆን፣ የግቡ እግሮች ተቀብረው ወይም በአሸዋ ጆንያ ተጭነው እንዲጸኑ ያድርግ። የዥዋዥዌውን ሰንሰለት ከላይኛው ብረት ጋር ያያያዘውን ቀለበት በሩቁ አይቶ አይለፈው፤ መሰላል አስጠግቶ በጣቱ ይዳስሰው። ብረት ብረትን ሲበላ፣ ከውጭ ቀለሙ ምንም ሳይሆን፣ ከውስጥ በኩል እንደ ማጭድ እየሳሳ ይሄዳል፤ መሳሳቱ በጣት የታወቀ ዕለት ዥዋዥዌው ታስሮ ይዋል። የሹራብ ኮፍያ ገመድ፣ የአንገት ልብስና የመታወቂያ ማንገቻም ከሸርተቴው ራስ ላይ ተይዘው አንገት ሊያንቁ ስለሚችሉ፣ ልጁ ከመውጣቱ በፊት አውልቆ ያኑራቸው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን መሬቱ ነው፤ ልጅን የሚሰብረው የወደቀበት ከፍታ ብቻ ሳይሆን የተቀበለው መሬት ነውና። አውሮፓውያን ለመጫወቻ መሣሪያ ባወጡት መስፈርት፣ ልጅ ሊወድቅ የሚችልበት ከፍታ ከ3 ሜትር እንዳያልፍ፣ በመሣሪያውም ዙሪያ ቢያንስ 1.5 ሜትር ባዶ ስፍራ እንዲተው ታዝዟል። ከሥሩ አሸዋ የሚነጠፍ ሲሆን እስከ 2 ሜትር ላለው ከፍታ 20 ሳንቲሜትር፣ እስከ 3 ሜትር ላለው 30 ሳንቲሜትር ውፍረት እንዲኖረው፣ እግር እየበተነው ስለሚያሳሳውም 10 ሳንቲሜትር እንዲጨመርበት ተወስኗል። በደረጃና በመከታ ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት ከ9 እስከ 23 ሳንቲሜትር ከሆነ፣ ገላው ያለፈ ልጅ ራሱ ሊቀረቀር ስለሚችል፣ እንዲህ ያለው ክፍተት ወይ ይጥበብ ወይ ይስፋ። አሸዋ የሚገዛበት ገንዘብ የሌለው ትምህርት ቤትም ቢሆን ተስፋ አይቁረጥ፤ ከዛፉ ሥር ድንጋዩን ለቅሞ ጠንካራውን አፈር በአካፋ ማለስለስ የሚጠይቀው የአንድ ጠዋት ጉልበት ነው።

መ. ፈተናውን በልክ ስለ መተው

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጸና አንድ ሕግ አለ፤ ልጅን ራሱ ሊወጣ ወደማይችልበት ከፍታ አንሥቶ ማስቀመጥ አይገባም። በገዛ እጁና እግሩ የወጣ ልጅ የመጣበትን መንገድ ገላው ያውቀዋል፤ ሰው ያወጣው ግን መውረጃውን ሰው ያሳየው ዘንድ ይጠብቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው የአንደበት ነገር ነው። «ተጠንቀቅ!» ወይም «ውረድ!» ብሎ ከሩቅ የሚጮህ መምህር ልጁን ያስደነግጠዋል እንጂ ከምን እንደሚጠነቀቅ አይነግረውም። በሌላ ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከራሴ በላይ ካለ ቅርንጫፍ ላይ ቆማ አየሁና ጩኸቱ እስከ ጉሮሮዬ መጣ፤ ዋጥ አድርጌው ቀረብሁና በስሟ ጠርቻት፣ «ግራ እግርሽ ምን ላይ ነው ያረፈው?» አልኋት። ዝቅ ብላ አይታ፣ «ቀጭን ላይ ነው» አለች። «ወፍራም ይታይሻል?» ብላት፣ በእግሯ ጣቶች እየዳሰሰች ፈልጋ አገኘች፤ ቀስ እያለችም ወረደች። ቀሚሷን እያራገፈች፣ «ከዚያ በላይ ያለው ለእኔ አይሆንም፤ ለትልልቆቹ ነው» ብላኝ ሮጠች። ይህን ልክ ከማንም አፍ አልሰማችውም፤ በእግሯ ጣቶች ነው ያነበበችው። ዘኬዎስም ከሾላው የወረደው በስሙ ተጠርቶ እንጂ ተገሥጾ አልነበረም።

ትግልን በተመለከተ ደግሞ ጨዋታውን ከጠብ ለይቶ ማወቅ ያሻል። በጨዋታ ትግል ልጆቹ ይስቃሉ፤ ብርቱው ሆን ብሎ ይሸነፋል፤ ሲያበቁም አብረው ይሄዳሉ። በጠብ ግን ፊት ይጠቁራል፤ ጡጫ ይጨበጣል፤ ተመልካች ክብ ይሠራል፤ ሲያበቃም በየፊናቸው ይለያያሉ። ፊተኛውን መምህሩ ቆሞ ይመልከተው፤ ኋለኛውን ገብቶ ይገላግለው።

ሠ. መዝገብ ስለ መያዝና ወላጅን ስለ ማስረዳት

የመምህር ልብ የሚሸበረው ነገ ወላጅ ሲመጣ ምን እመልሳለሁ በማለት ነው፤ የዚህ መልስ መዝገብ ነው። አንድ ደብተር ተወስዶ በየገጹ አምስት ነገር ይጻፍበት፦ ጨዋታው ምንድር ነው፤ ለልጁ ምን ይጠቅመዋል፤ ምን ሊጎዳው ይችላል፤ እኛ ምን አደረግን፤ የቀረውን ሥጋት ማን ተመካክሮ ተቀበለው። ይህ ደብተር በመስከረም፣ የወላጅና የመምህራን ስብሰባ ሲደረግ በግልጥ ይነበብ፤ አስቀድሞ የተመከረበት ወላጅ ጉዳት በደረሰ ጊዜ አማካሪ ይሆናል እንጂ ከሳሽ ሆኖ አይመጣም።

ጉዳት የደረሰ እንደ ሆነ፣ ራሱን ተመትቶ የሚያስመልሰው፣ የሚያንቀላፋው ወይም ነገር የሚደናገረው ልጅ ጊዜ ሳይሰጠው ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። የተጣመመ ክንድም ሳይታሽና ሳይጎተት ተደግፎ ወደዚያው ይሂድ፤ ወጌሻ አጥብቆ የቀረቀበው ክንድ ደም ተከልክሎ እስከ መቆረጥ የደረሰበት ጊዜ ብዙ ነውና። ልጁ በሐኪም እጅ ከገባ በኋላ መምህራኑ መጥረቢያ ከመፈለጋቸው አስቀድመው መዝገቡን ይግለጡ፤ የጣለው ፈተናው ነውን ወይስ ያላየነው ወጥመድ? ብለውም ይጠይቁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ያን የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ለመጎብኘት ሄጄ ነበር። የሾላው ጉቶ አቆጥቁጦ፣ ቡቃያዎቹ እንደ ሰው ክንድ ወፍረው፣ ሕፃናቱ ቅጠሉን እየቀነጠሱ «እቃ እቃ» ይጫወቱበታል። አዲሱ ርዕሰ መምህር የቀድሞውን ታሪክ ሰምቶ ኖሮ፣ «ጋሼ፣ ይነቀል ወይስ ይደግ?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ባዶ ደብተር እንዲያስመጣ ለመንሁት፤ ከጉቶው አጠገብ አብረን ተቀምጠንም በመጀመሪያው ገጽ ራስጌ «ሾላ» ብለን ጻፍን፤ ከዚያም ተነሥተን ከሥሩ ያለውን ድንጋይ መልቀም ጀመርን።