ወፏ ጥርት ብላ፣ ነጸብራቋ ለምን ይደበዝዛል?

ጥያቄ፦ አንድ አንባቢ በአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ፣ ጪቱ ሐይቅ ላይ ፍላሚንጎዎችን አንስተዋል። ወፎቹ ጥርት ብለው ወጥተዋል፤ ውሃው ላይ ያለው ምስላቸው ግን ጠቆር ያለና ደብዛዛ ሆኖባቸዋል። ምን ቢያደርጉ ይሻላል?

መልስ፦ መጥቆሩ የካሜራው ጥፋት አይደለም። ውሃ ካረፈበት ብርሃን የሚመልሰው ከፊሉን ብቻ ነው፤ የቀረው ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ሆኖም ካሜራው ወደ ውሃው ወለል ዝቅ ባለ ቁጥር የሚመለሰው ብርሃን ይበዛል፣ ነጸብራቁም ይደምቃል። ባለሙያዎች ዳርቻው ላይ በሆዳቸው የሚተኙት ለዚሁ ነው። በስልክ የሚያነሳ ሰው ስልኩን ቢዘቀዝቀው ሌንሱ ከውሃው አጠገብ ይደርሳል።

የመደብዘዙ ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ብዙዎችን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ብርሃኑ ከወፏ ወደ ውሃው፣ ከውሃው ደግሞ ወደ ሌንሱ ስለሚጓዝ፣ ነጸብራቁ ለካሜራው የሚርቀው የሁለቱን ጉዞ ድምር ያህል ነው። ፎከሱ ውሃው ላይ በሚንሳፈፍ ላባ ላይ ካረፈ ምስሉ መደብዘዙ አይቀርም። ፎከስ ማድረግ የሚገባው ወፏ ላይ ነው፤ የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 ማጥበብም ይረዳል።

ፖላራይዘር ፊልተር የገጠመ ሰው ይጠንቀቅ፤ ከውሃው ገጽ 37 ዲግሪ ግድም ላይ ሲታይ ነጸብራቁን ጨርሶ ሊያጠፋው ይችላል። እያዩ ማዞር፣ ካልሆነም ማውለቅ ነው።

ከሁሉ በላይ ነፋስ ሳይነሳ፣ ማለዳ መድረስ ያስፈልጋል። ለተሻለ ፎቶ ተብሎ መንጋውን ማስበርገግ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ወፎቹን ከምግባቸው ያስነሳል፣ ውሃውንም ያናውጠዋል።