ደቻቱ ዳር ቤት ለተከራየው ልጄ

አቦ፣ ቤት አገኘሁ ስትለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። የደቻቱ ወንዝ ግንብ ሥር ነው ስትለኝ ግን ቡናው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። አትግባ አልልህም፤ የድሬዳዋን ኪራይ አውቃለሁ፣ ደመወዝህንም አውቃለሁ። ብቻ እነዚህን ያዝልኝ።

1. የድሬን ሰማይ አትመን። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል፣ ነጋዴ ሸራ ይዘረጋበታል። ውሃው የሚመጣው ከእኛ ሰማይ ሳይሆን በደንገጎ በኩል ካለው ደጋ ነው። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ሰው እንደ ልማዱ ተኛ፤ ለእሁድ አጥቢያ ጎርፉ አልጋው ድረስ መጣበት። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ክረምት ላይ ከመተኛትህ በፊት ወደ ተራራው እይ። እዚያ መብረቅ ካለ፣ ድሬ ላይ ጠብታ ባይወርድም፣ ልብስህን ሳታወልቅ ተኛ። ግንቡስ? ግንብ የሚሠራው ሰው በሚያውቀው ጎርፍ ልክ ነው።

2. ድምፁን ለይ። እኔ ያን ሌሊት ባቡር የገባ መስሎኝ ተገላብጬ ተኛሁ። የቀሰቀሰችኝ ጎረቤቴ ናት፣ በሩን በድንጋይ እየደበደበች። አንተም ዛሬውኑ ከጎረቤት ጋር ማን ማንን እንደሚቀሰቅስ ተነጋገር። መስማት የተሳናቸውን፣ ብቻቸውን የሚኖሩትን እናቶች አስቀድም።

3. መታወቂያህንና የትምህርት ማስረጃህን በፌስታል ጠቅልለህ በር አጠገብ ስቀል።

4. ከወጣህ አትመለስ። እኔ ለራዲዮ ተመለስኩ፤ ይኸው ሃፍረቴን ነገርኩህ። ውሃው ጉልበቴን እንኳ አልሞላም ነበር፣ ግን ዘርጥጦ ጣለኝ። የመብራት ምሰሶ ባላገኝ ዛሬ መካሪ አትኖርህም ነበር። በባጃጅ እሻገራለሁም እንዳትል፤ ባጃጅ በዚያ ውሃ ላይ ቅል ነው።

5. ይኼኛው ይከብደኛል፤ ሰው ለማዳን ስለ መሮጥ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ መሬቱ ተንዶ ቤቶችን ቀበረ። ኡኡታ የሰማው ሁሉ ሮጦ በእጁም በአካፋም አፈሩን ሲምስ ተራራው ዳግመኛ ተናደ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ለማዳን የመጡት ነበሩ። ታዲያ አትሩጥ እልሃለሁ? እኔም እሮጣለሁ። ግን አንድ ሰው ቁፋሮውን ትቶ ዳገቱን ብቻ ይጠብቅ፤ ሲጮህ ሁሉም ይበተን። ጎርፍም ሲሆን ገመድ ወርውር እንጂ አትግባ።

6. ጎርፉ ካለፈ በኋላ የጉድጓድም የቧንቧም ውሃ አፍልተህ ጠጣ፤ መጸዳጃው ሁሉ ተቀላቅሏል። ርጥብ ግድግዳ ላይ ማብሪያ አትንካ።

ቅዳሜ ብቅ እላለሁ። ገመዱን ይዤልህ እመጣለሁ፤ በሩ ወደ ውስጥ ይከፈት ወደ ውጭ እሱንም አያለሁ።